ሞተሩ ደህና ነበር

አውሮፕላን የለኝም። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ የሚከተለው ሁሉ ጉራ ይመስላል። ያለኝ ከአሮጌ ቮልስ ላይ የወረደ ሞተር፣ ጉደር ያለ አናጢ ከዋንዛ የጠረበልኝ ፕሮፔለር፣ ብየዳ ቤት የተሠራ የብረት መቆሚያና ከሚኒባስ የተነቀለ አንድ ወንበር ነው። ክንፍ የለም፤ ጭራም የለም። እዚህ አምቦ የሰፈሬ ሰው ወፍጮ መስሎት «መቼ ነው ሥራ የሚጀምረው?» እያለ ይጠይቀኛል፤ አንዲት ጎረቤታችንማ ጤፋቸውን አበጥረው፣ ጆንያውን አስረው ሲጠብቁ ነበር። ባለቤቴ ግን ነገሩን ከሁሉም አሳጥራ ገልጻዋለች። «ላም አለኝ በሰማይ» ትላለች፣ ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ከድምፁ በላይ እየጮኸች።

እንግዲህ በዚህ ክንፍ አልባ አውሮፕላን ላይ ነው «የነዳጅ ግፊቴ ይዋዥቃል» ብዬ ቤተሰቤን ያስጨነቅኩት፣ ምንም ያላደረገኝን ልጅ በማጭበርበር የጠረጠርኩት፣ ለጣሪያ ቆርቆሮ የተቀመጠውን ገንዘብ የበላሁት። ሙያዬ የፊዚክስ መምህርነት ነው። ይህን የምጠቅሰው ለመመካት አይደለም፤ ጥፋቱን ስለሚያከብደው ነው።

በሽታው የያዘኝ የአስመላሽ ዘፈሩን ዜና የሰማሁ ሰሞን ነው። በትምህርቱ የጤና ባለሙያ ነው። አብራሪ ለመሆን አመልክቶ አንድ ሴንቲ ሜትር አጥረሃል ተብሎ ተመለሰ፤ ከዚያ መጽሐፍ እያነበበና ዩቲዩብ እያየ በቮልስ ሞተር የሚሠራ አውሮፕላን ራሱ ገነባ። ስሙን ኬ-570ኤ አለው፤ «ኬ» ለእናቱ ለኪሮስ፣ 570 ደግሞ ሥራው ለፈጀበት ቀን። በ2007 ዓ.ም. ሱሉልታ ላይ ያደረገው የመጀመሪያ ሙከራ አልሰመረም። ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ ትምህርት ይወስዳል። እኔ የወሰድኩት ስሌት ነው። ሱሉልታ ከ2,600 ሜትር በላይ ናት፤ እዚያ አየሩ ስለሚሳሳ አንድ ሞተር የጉልበቱን ሩብ ያህል ገና ሳይነሣ ያጣል። አምቦ ግን 2,100 ሜትር አካባቢ ናት። «እኔ እሻላለሁ» አልኩ። እሱ በ570 ቀን ሙሉ አውሮፕላን ጨረሰ፤ እኔ ከዚያ በበለጠ ጊዜ አንዲት የጌጅ መርፌ ማስቆም አቃተኝ።

ደግሞ ማስረጃ አላጣሁም። ሰው ሲያብድ መጀመሪያ የሚሰበስበው ማስረጃ ነው። ፈረንሳዊው ሮጀ ድሩዊን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ «ቱርቡላን» የተባለችውን ባለ አንድ ሰው አውሮፕላን በቮልስ ሞተር አብርሯል። አሜሪካዊው ኢቫንስ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጨረሻ ያወጣው የእንጨት አውሮፕላን ንድፍም ለዚሁ ሞተር የታሰበ ነበር። እነዚህን ለባለቤቴ ዘረዘርኩላት። አልበቃ ሲላት የራሳችንን ታሪክ መዘዝኩ፤ በ1928 ዓ.ም. በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነት አዲስ አበባ ውስጥ ስለተሠራችው፣ በልዕልት ፀሐይ ስለተሰየመችውና ጣሊያን ወስዷት ኖራ በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ስለተመለሰችው አውሮፕላን አወራሁላት። በጥሞና ሰማችኝና «እሷስ ክንፍ ነበራት?» አለችኝ።

ወደ ግፊቱ ልመለስ። የቮልስ ሞተር ቤንዚኑን ከሳልቫትዮ የሚስበው ሞተሩ ራሱ በሚገፋት ዘንግ በሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ነው። ፓምፑ ውስጥ ያለች ስስ ሽፋን ወደ ላይ ወደ ታች እያለች ነዳጁን ወደ ካርቡራተር ትገፋለች፤ ግፊቱ 3 ፒኤስአይ ቢሆን ነው። ለመኪና ጎማ የምንሞላው ከዚህ ዐሥር እጥፍ ገደማ ነው። ቮልስ የነዳ ሰው ሁሉ ይህን ቁጥር ሳያውቅ ኖሮ ሳያውቅ አርጅቷል፤ ዳሽቦርዱ ላይም የነዳጅ ግፊት የሚያሳይ ነገር የለም። አያስፈልግማ። ጊንጪ መዳረሻ ላይ ቢጠፋብህ ዳር ይዘህ፣ ፊልትሮውን አውልቀህ፣ በአፍህ እፍ ብለህ ትቀጥላለህ። ሰማይ ላይ ዳር መያዝ የለም። ስለዚህ በቤቱ አውሮፕላን የሚሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ የነዳጅ ግፊት ጌጅ ይገጥማል። ዛሬ በትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ የተለመደው ሮታክስ 912 ሞተር እንኳ ግፊቱ ከ0.15 ባር እንዳይወርድ ተብሎ ወሰን ተቀምጦለታል።

እኔም ገጠምኩ። ክንፍ ሳልገጥም ጌጅ ገጠምኩ። ጌጁ የኤሌክትሪክ ነው፤ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ነው የላከልኝ። አሠራሩ ቀላል ነው። ቤንዚኑ የሚነካው ሰንሰር ውስጥ ሬዚስታንስ አለ፤ ግፊት ከሌለ 10 ኦም ገደማ፣ ግፊቱ እስከ ጫፍ ሲደርስ 180 ኦም ገደማ ይሆናል። አንድ ሽቦ ወደ ጌጁ ይሄዳል፤ ሌላ ሽቦ የለውም። የመልሱ መንገድ የሰንሰሩ የራሱ ቆርቆሮ ነው፤ በታሰረበት ብረት በኩል ወደ ማሳ፣ ማለትም ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ፣ ይሄዳል ተብሎ የታመነ ነው። ይህችን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ። እኔ አልያዝኳትም።

መጀመሪያ ሳስነሣው መርፌው 3 ላይ ቆመ። ደስ አለኝ። ሞተሩ ሲግል ግን መዝለል ጀመረ፤ 4፣ 7፣ 3፣ 6። ነዳጅ ስሰጠው ይብሳል፤ ስቀንስለት ይቀንሳል።

የአምቦ ሰው መሆኔ እዚህ ላይ ጎዳኝ። የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ሲከፈት አረፋው ለምን ሽቅብ እንደሚወጣ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ክዳኑ ሲነሣ ግፊቱ ይወርዳል፣ የታመቀው ጋዝ ይለቀቃል። ፓምፑም እንደዚሁ ነው ብዬ ደመደምኩ። ፓምፑ ሲስብ ቱቦው ውስጥ ግፊቱ ይወርዳል፤ ሞተሩ ግሏል፤ ከፍታችን ላይ የአየሩ ግፊት ራሱ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ውኃም እዚህ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ እየፈላ አረፋ እየሠራ ነው! መካኒኮች «ነዳጁ አየር ያዘው» የሚሉት በሽታ በእውነትም አለ፤ በሙቀት ቀን ዳገት ላይ የቆመ አሮጌ ቮልስ ያየ ያውቀዋል። ማስረጃዬ ሁሉ ልክ ነበር። የእኔ ሞተር ላይ አለመኖሩ ነው እንጂ።

ሐሳቡ በጣም ስላማረኝ ክፍል ይዤው ገባሁ። ሰሌዳ ላይ ጠርሙስና ሞተር ጎን ለጎን ሣልኩ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። በእርግጥ ከአምቦ ውኃ የሚወጣው በውስጡ የሟሟ ጋዝ ነው፣ የቤንዚኑ ግን ፈሳሹ ራሱ ነው የሚተነው፤ ይህን ልዩነት አልነገርኳቸውም። ምሳሌዬን ያበላሽብኝ ነበር።

ቀጥሎ ያለውን በፍጥነት ልለፈው። ፓምፑን በረጠበ ጆንያ ጠቀለልኩት። ቱቦውን ከሞተሩ አራቅኩት። ፊልትሮ ለወጥኩ። መርካቶ ወርጄ ፓምፕ ገዛሁ፤ መርፌው ሲዘል «አስመስለው የሠሩት ነው» ብዬ ከሌላ ሱቅ ሌላ ገዛሁ። ካርቡራተር ጨመርኩ። የቆርቆሮው ገንዘብ እዚህ ላይ አለቀ፤ በዚያ ክረምት ሳሎን ውስጥ ባልዲ ደርድረን ከረምን። ከዚያ ዓይኔ ወደ ቤንዚኑ ዞረ። ማደያው ሰልፍ ሲበዛበት በሃይላንድ የሚሸጥልኝ አንድ ልጅ አለ፤ ላምባ ቀላቅለህብኛል ብዬ መንገድ ላይ ሰው ሰብስቤ ጮኽኩበት። ልጁ ጠርሙሱን ከፍቶ አሸተተው፤ እኔንም አስሸተተኝ። ቤንዚን ነበር። «ቢሆንም!» ብዬ ሄድኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ የተመነጠርኩት ጠርጥሬ ጠርጥሬ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ኃጢአት።

ማታ ማታ ስለምሠራ ከመቆሚያው ብረት ላይ አንድ የመኪና አምፖል አስሬ ነበር። አንድ ማታ አምፖሉን ሳበራው የነዳጅ ግፊቱ ከ3 ወደ 5 ወጣ። አጠፋሁት፤ ወደ 3 ወረደ። ደግሜ አበራሁት፤ ወጣ። ሰው የሆነ ሰው እዚህ ላይ ቆም ይላል። መብራት ቤንዚን አይገፋም። እኔ ግን ደብተሬን አውጥቼ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የአምፖሉ ሙቀት ቱቦውን እያሞቀው ነው።» አምፖሉ ከቱቦው አንድ ክንድ ይርቃል፤ መርፌው ደግሞ የተንቀሳቀሰው ማብሪያውን በነካሁባት ቅጽበት ነው። ቱቦ በዚያ ፍጥነት እንደማይግል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ያውቃል። አምፖሉን ሌላ ጎን አዞርኩትና ሥራዬን ቀጠልኩ።

ሌላም አለ። አረፋ ቱቦ ውስጥ ሲገባ ግፊቱ ይወርዳል እንጂ አይጨምርም። የእኔ መርፌ የሚዘለው ወደ ላይ ነበር። እኔ ክፍል ውስጥ ስለ መውረድ ሳስተምር ጓሮ ውስጥ መርፌው ይወጣል፤ ሁለቱን በአንድ ራስ ተሸክሜ ስሄድ አንድም ቀን አልተጋጩብኝም።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ደግሞ በዚያው ሰሞን ለተማሪዎቼ ስለ አምፖል ታሪክ መንገሬ ነው። በፈረንጆቹ 1972 ታኅሣሥ መጨረሻ የኢስተርን አየር መንገድ በረራ 401 ማያሚ ሊያርፍ ሲል የፊት ጎማ መውረዱን የምታሳውቀው ትንሽ መብራት አልበራ አለች። የተቃጠለችው አምፖሏ ብቻ ነበረች። አብራሪዎቹ እሷን ሲነካኩ አውሮፕላኑ ቀስ እያለ ከፍታ መልቀቁን ሳያዩ ረግረግ ውስጥ ወደቁ፤ ከመቶ በላይ ሰው አለቀ። «አያችሁ፣ ልጆች፣» አልኩ፣ «ሰው ከማሽኑ ይልቅ ጠቋሚውን ሲከተል የሚሆነውን።» ከዚያ ወደ ቤቴ ሄጄ ሦስተኛውን ፓምፕ ስለ መግዛት ማሰብ ጀመርኩ።

ከተማችን ውስጥ ዕድሜያቸውን በቮልስ ያሳለፉ አንድ መካኒክ አሉ። ለምን ቀድሜ አልጠየቅኳቸውም? እውነቱን ልናገር፤ ሁለት ምክንያት ነበረኝ። አንደኛው እንዳይስቁብኝ ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ስለ ፈሳሽ ግፊት ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ ብዬ አላምንም ነበር። በመጨረሻ የጠራቻቸው ባለቤቴ ናት፣ ሳታማክረኝ፣ ከገበያ ስትመለስ።

ጓሮ ገቡ። ክንፍ አለመኖሩን አይተው ምንም አላሉም፤ ለዚህ ሁልጊዜ አመሰግናቸዋለሁ። ሞተሩን አስነሥቼ አረፋውን፣ ከፍታውን፣ የአምቦ ውኃውን ሳብራራ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። እኔን መስሎኝ ነበር።

«መምህር፣ ሞተሩ ምን ሆነ?» አሉኝ።

«ግፊቱ ይዘላል፣ ጋሼ። 7 ይደርሳል።»

«እሱን ጌጁ ነው ያለህ። እኔ የጠየቅኩህ ሞተሩን ነው።»

ሞተሩማ ደህና ነበር። አንድም ቀን ታንቆ አያውቅም፣ አንድም ቀን ሳይነሣ ቀርቶ አያውቅም። ይህን ስነግራቸው ጎንበስ ብለው ካርቡራተሩን በጣታቸው ዳበሱና ጣታቸውን አሸተቱ። ደረቅ ነው። ግፊቱ በእውነት 7 ቢደርስ ኖሮ፣ አሉኝ፣ ካርቡራተሩ ውስጥ ነዳጁን የምትዘጋው መርፌ አትችለውም፤ ቤንዚኑ ሞልቶ ይፈስ ነበር፣ ጢሱ ይጠቁር ነበር፣ ካንዴላው ይረጥብ ነበር። ይህ የፊዚክስ ትምህርት ነው። የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።

ከሣጥናቸው አንድ አሮጌ ጌጅ አወጡ። መስታወቱ ተሰንጥቋል፤ ሽቦ የለው፣ ባትሪ አይፈልግ፤ ነዳጁ ራሱ ገብቶ መርፌውን የሚገፋበት ዓይነት ነው። ከእኔው ቱቦ ላይ ቅርንጫፍ አውጥተው በፋሼታ አሰሩት። አስነሣን። የሳቸው መርፌ 3 ላይ ቆማ የፓምፑን ምት ብቻ ተከትላ ትንሽ ትንቀጠቀጣለች። አጠገቧ የእኔው ዘመናዊ ጌጅ 7 ይላል፣ 4 ይላል፣ 6 ይላል። አንድ ቱቦ፣ አንድ ቤንዚን፣ ሁለት ወሬ። ከዚያ፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ አምፖሉን አበሩት። የእኔው ጌጅ ዘለለ። የሳቸው ንቅንቅ አላለም።

እኔ ወዲያው ገባኝ። ገባኝ ግን ቀድሜ አልተናገርኩም፤ እንዳልገባኝ ሆኜ ቆምኩ። እሳቸው ቁራጭ ሽቦ አንሥተው አንዱን ጫፍ ሰንሰሩ ቆርቆሮ ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ያዙት። መርፌዬ 3 ላይ ወርዳ ጸጥ አለች። ሽቦውን አነሡ፤ ዘለለች። መለሱት፤ ቆመች። ከዚያ ሰንሰሩ የታሰረበትን ቡሎን ፈትተው ከሥሩ ያለውን ብረት በካቻቢቴ ጫፍ ፋቁት፤ ሰማያዊ ቀለም እየተቀረፈ ወረደ።

ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ደራርቤ፣ ጥግ ጥጉ ሳይቀር። ለምን ሰማያዊ እንደመረጥኩ አትጠይቁኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሰንሰሩን የሞተሩ ንዝረት እንዳይጎዳው ብዬ ከሞተሩ አንሥቼ መቆሚያው ላይ አሰርኩት፤ ይህ ራሱ ትክክል ነው። ነገር ግን ከሞተሩ ጋር የቀረው ግንኙነት የጎማ ቱቦ ብቻ ሆነ፣ ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የመልሱ መንገድ በቀለም ላይ በታሰረ ቡሎን ሆነ። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ቡሎኑ ብረቱን አንዴ ይነካል፣ አንዴ ይስታል፤ በሳተ ቁጥር ሬዚስታንሱ ይጨምራል፤ ጌጁ ደግሞ ሬዚስታንስ ሲጨምር «ግፊት ጨመረ» ከማለት በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቅም። አምፖሉንም ማሳውን ያሰርኩት እዚያው ቡሎን ላይ ነበር። ስለዚህ ሲበራ የሱ ከረንት በዚያችው ጠባብ መንገድ አልፎ ሰንሰሩን ያሳስተው ነበር። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይላሉ አበው፤ እኔ ጥሩው ውኃ አምቦ ስለሆነ ሥሩን መፈለግ ያስፈለገኝ አልመሰለኝም።

ሒሳብ ስጠይቃቸው «ቀዝቃዛ አምቦ ካለ» አሉኝ። ነበረ። ጠርሙሱን ሲከፍቱት አረፋው ወጣ፤ እኔ ወደ ሌላ አየሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አሰብኩበት፤ አሁን ፍርዴ ይኸው ነው። አየር ላይ ያለ አብራሪ የነዳጅ ግፊቱ ሲዘል ካየ ጌጁን ማመን አለበት፤ እውነት ይሁን ውሸት ሲያርፍ ያጣራዋል። መሬት ላይ የቆመ ሰው ግን መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ጌጁን፣ ከጌጁም ይልቅ ሽቦውን፣ ከሽቦውም ይልቅ ሽቦውን ያሰረውን እጅ ነው። እኔ ሚኒባስ ወንበር ላይ፣ ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ብዬ ተቀምጬ፣ ሦስት ሺህ ሜትር ላይ እንዳለ አብራሪ ደነገጥኩ። ደግሞ ይህ የሚያስቅ ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለ ውሸታም ጌጅ የተሸከመ አውሮፕላን ቢነሣ፣ ዐሥር ጊዜ በከንቱ የዘለለችውን መርፌ አብራሪው በዐሥራ አንደኛው ጊዜ አያምናትም፤ ያኔ ደግሞ ፓምፑ እውነት ተበላሽቶ ይሆናል።

ያልተከፈለ ዕዳ አለብኝ። ለተማሪዎቼ የጠርሙሱን ትምህርት እስካሁን አላረምኩትም፤ አንዳንዶቹ ለፈተና አጥንተውታል። ቤንዚን ሻጩን ልጅ ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ቤንዚን ገዝቼ ተመለስኩ። እሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመሸጡ በፊት ጠርሙሱን ከፍቶ ያስሸትተኛል፣ ሰው በተሰበሰበበት። ጣሪያው ዘንድሮም ያፈሳል። ክንፉን ስለ መሥራት ባለቤቴ ፊት አላነሣም፤ የሲቪል አቪዬሽን ሰዎች ከመጠየቃቸው በፊት የምትጠይቀኝ እሷ ናትና።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ከአዲስ ዓለም እስከ ባኮ ባለው መንገድ ላይ ቮልስ ያለህ ከሆነ ስማኝ፤ ሁለት ፓምፕ፣ አንድ ካርቡራተርና አንድ ያገለገለ እርጥብ ጆንያ የሚሸጥ አለ። ፓምፖቹ ምንም እንከን የለባቸውም፤ ይህን በብዙ ወጪ አረጋግጫለሁ። ዋጋው በድርድር ነው፤ ጆንያው ምርቃት ነው።